ውሻችሁ የኋላ እግሩን መጎተት ሲጀምር፦ ስለ ታችኛው ጀርባ አጥንት ችግርና አያያዙ

ባሕር ዳር ግቢ ያለው ሰው ውሻ አያጣም። አንዱ የሰፈር ቡችላ አንስቶ ያሳድጋል፣ ሌላው ጀርመን ሸፐርድ ወይም ዲቃላውን ገዝቶ ያመጣል። ውሻው ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል፣ አጥር ለአጥር ሲሮጥ ያድራል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ በረንዳው ላይ ዘሎ መውጣት ይተዋል። ሲነሳ ፊቱ ይቀድማል፣ ኋላው ይዘገያል። በር ሲንኳኳ ካለበት ሆኖ ይጮሃል እንጂ አይሮጥም። የቤቱ ሰው ይህን አይቶ «አርጅቷል በቃ» ይልና ነገሩን ይዘጋዋል።

እኔ ነገሩ በዚህ እንዳይዘጋ ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ ውሻው አመመው እንጂ አላረጀም፤ አምስትና ስድስት ዓመት ለትልቅ ውሻ ጉልምስና ነው። ሕመሙ ከታችኛው ጀርባ አጥንት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አጥንቱን ወደ ትክክለኛ ቅርጹ መመለስ አይቻል ይሆናል፤ በአጥንቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና መቀነስና ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል። ብዙ ውሾች በዚህ ብቻ ለዓመታት ደህና ሆነው ይኖራሉ። ደግሞ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ግቢያችሁ ውስጥ ነው፣ በእናንተው እጅ።

መጀመሪያ አጥንቱን እንየው። የውሻ አከርካሪ እንደ መቁጠሪያ ተራ በተራ የተደረደሩ አጥንቶች ናቸው፦ አንገት ላይ 7፣ ደረት ላይ 13፣ ወገብ ላይ 7፣ ከዚያ ዳሌው መሀል ተጣብቀው አንድ የሆኑ 3፣ ቀጥሎ ጭራ። የጭራው ከውሻ ውሻ ይለያያል፣ 20 አካባቢ ነው። በአጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ ህብለ ሰረሰር ያልፋል። በአጥንትና በአጥንት መሀል ዲስክ አለ፤ ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ሥራው ጫና ማብረድ ነው።

ህብለ ሰረሰሩ እስከ ጭራ አይደርስም። በአብዛኞቹ ውሾች ስድስተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃና ከዚያ በታች ብዙ ቀጫጭን ነርቮች ሆኖ ይወርዳል። እነዚህ ነርቮች ናቸው የኋላ እግርን፣ ጭራን፣ የሽንት ፊኛንና ፊንጢጣን የሚያዙት። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ነርቮቹን ሲጫናቸው አራቱም ላይ ምልክት ሊታይ ይችላል፣ አንዳንዴ አንዱ ላይ ብቻ፣ አንዳንዴ ሁሉም ላይ።

በጣም የሚጎዳው ቦታ ሰባተኛው የወገብ አጥንት ከዳሌው አጥንት ጋር የሚገናኝበት ነው። ውሻ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ አጥሩ ላይ በሁለት እግሩ ሲቆም የኋላ እግሮቹ የሚፈጥሩት ጉልበት ሁሉ ወደ ጀርባው የሚያልፈው በዚህች አንድ መገጣጠሚያ በኩል ነው። ብዙ ትታጠፋለች፣ ብዙ ትሸከማለች። ቶሎ የምትደክመውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ውሻው ይዞት የሚወለደው ነው። በወገቡና በዳሌው ድንበር ላይ ያለው አጥንት ግማሽ የወገብ፣ ግማሽ የዳሌ ሆኖ ይፈጠራል። አንዳንዴ በአንድ ጎኑ ከዳሌው ጋር ተጣብቆ በሌላው ጎኑ ነጻ ይሆናል። ይሄኛው ከሁሉም ያስቸግራል፣ ዳሌውን ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብለው ስለሚችል አንዱ የዳሌ መገጣጠሚያ ከሌላው የበለጠ ይጫናል። ጀርመን ሸፐርዶች ላይ በብዛት ይታያል። ይህ ያለባቸው ውሾች የነርቭ መጫን ምልክት ከሌሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቀድመው ያሳያሉ። ግን ደግሞ ይህን አጥንት ይዘው ተወልደው፣ ሮጠው፣ አርጅተው፣ አንድም ቀን ሳያማቸው የሚሞቱ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው በዕድሜና በጫና የሚመጣው ነው። ዲስኩ ይደርቃል፣ ወደ ነርቮቹ መተላለፊያ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለው ጅማት ይወፍራል፣ አጥንት ጫፍ ጫፉ ላይ ይበቅላል። መተላለፊያው ይጠብባል። ጎልማሳ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ላይ ነው የሚበዛው፣ ወንዶቹ ላይ ደግሞ ይበልጥ። እኛ ሰፈር ጥበቃ ላይ ያሉት ሸፐርዶች ዋናው ጣጣቸው ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በራጅ ላይ ከአጥንት ወደ አጥንት እንደ ድልድይ የሚሻገር የአጥንት ብቅል ይታያል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሻውን አያመውም። አጫጭር እግርና ረጅም ጀርባ ያላቸው ትንንሽ ውሾች ዲስካቸው በድንገት ይፈነዳል፣ ይህ ከወገብ ከፍ ብሎ ነው የሚበዛው። ፊታቸው ድፍጥጥ ያለ ዝርያዎች ደግሞ ግማሹ ያልተፈጠረ አጥንት ይዘው ይወለዳሉ። ባሕር ዳር ግቢዎች ውስጥ እነዚህን ዝርያዎች ብዙ ስለማናይ አልፋቸዋለሁ። ዲስኩ ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ግን አይታለፍም፦ ጀርባው በጣም የሚያመው፣ ትኩሳት ያለው፣ የሚከሳ፣ ምግብ የጠላ ውሻ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ አንሱለት። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ነው። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ራጁ ምንም ላያሳይ ይችላል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ይህ ነው፦ ራጅ ላይ የታየው አጥንት ሁሉ በሽታ አይደለም። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ውሻው ደህና ሊሆን ይችላል፣ አጥንቱ ደህና መስሎ ነርቩ ሊታነቅም ይችላል፤ ራጅ አጥንትን እንጂ ነርቭን አያሳይምና። ስለዚህ ፎቶ አይታችሁ አትደንግጡ፣ ፎቶ አይታችሁም አትዘናጉ። አካሄዱን እዩ።

ምን እናያለን? በመጀመሪያ የሚታየው ሕመም ነው እንጂ ሽባነት አይደለም። ከተኛበት ሲነሳ ይቸገራል፣ ትንሽ ከሄደ በኋላ ይሻለዋል። መኪና ላይ መዝለል ይተዋል ወይም ሲዘል በድንገት ይጮሃል። ጭራውን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ እንግዳ ሲመጣ እንደ ድሮው አይወዛወዝም። ለመጸዳዳት ይንበረከክና ሳይጨርስ ይነሳል፣ ወይም እየሄደ ሳያውቀው ይጥላል። የጭራውን ሥር ወይም የኋላ መዳፉን እየደጋገመ ይልሳል፣ ይነክሳል። ጭኑ ይከሳል። ሲራመድ የኋላ ጥፍሮቹ መሬቱን ሲፍቁ ይሰማል።

ጥፍሩን እዩት በእውነት። የኋላ መዳፉን አንሱና መሀል ያሉትን ሁለት ጥፍሮች ከጎናቸው ካሉት ጋር አስተያዩ። መሀሎቹ ከላይ በኩል ተልገው ካያችሁ ውሻው እግሩን እየጎተተ ቆይቷል ማለት ነው። ሌላም ቀላል ነገር አለ። ውሻው ቆሞ ሳለ አንድ ሰው ሆዱን ደግፎ ይያዝለት፣ እናንተ የኋላ መዳፉን ገልብጣችሁ በጀርባው መሬት አስነኩት። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል። ዝም ብሎ በተገለበጠው እግሩ ላይ ከቆመ፣ ወይም ለመመለስ ከዘገየ፣ ከእግሩ ወደ አንጎሉ የሚሄደው መልእክት ተስተጓጉሏል። ጭራውን ግን ወደ ላይ አትጎትቱ፤ ያመዋል፣ የታመመ ውሻ ደግሞ አሳዳጊውንም ይነክሳል።

ዘበኛ ያለው ቤት ዘበኛውን ይጠይቅ። ከውሻው ጋር የሚያድረው እሱ ነው። «ጋሼ፣ ሌሊት እንደ ድሮው ይሮጣል? ሲነሳ ያቃስታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ እናንተ በቀን የማታዩትን ይነግራችኋል።

አሁን አንድ ነገር በጣም ጠንከር አድርጌ ልናገር። እኛ ሀገር የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ አይናከስም። አንዳንዱ ጸጥ ይላል፣ እግሩ እየዛለ ይሄዳል፣ አገጩ ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህን አይቶ «አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። እባካችሁ! ክትባት ያልወሰደ ወይም መውሰዱ የማይታወቅ ውሻ በጥቂት ቀን ውስጥ እግሩ ከዛለና ባሕርይውም ከተለወጠ አትንኩት። ልጆችን አርቁ፣ ውሻውን በር ያለው ቦታ ላይ ዝጉበት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን፣ ዓይኑን ወይም አፉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ዓይኑንና አፉን በብዙ ንጹህ ውኃ ያለቅልቅ፣ በዚያው ቀንም ጤና ተቋም ይሂድ። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፣ ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የጀርባ አጥንት ችግር አብዛኛውን ጊዜ በወራት የሚመጣ ነገር ነው፣ ይሄኛው በቀናት።

ከእብደቱ ሌላም የሚያምታቱ አሉ። የዳሌ መገጣጠሚያ ልልነት አለ፣ እሱም ሸፐርዶች ላይ ይበዛል፣ አንዳንዴም ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። የጉልበት ጅማት መበጠስ አለ። ደግሞ ትልልቅ ውሾችን ከስምንት ዓመት ወዲያ የሚይዝ፣ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ቀስ እያለ የሚጎዳበት የዘር በሽታ አለ፤ መንስኤ የሆነው የዘረመል ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ተለይቷል። የዚህኛው መለያው ውሻውን አለማመሙ ነው። ኋላው ይወላገዳል፣ ይሻገራል፣ ጀርባውን ስትጫኑት ግን ምንም አይልም። ለዚህ በሽታ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ጀርባውን እየዳበሰ የት ላይ እንደሚያመው መፈለጉ ጊዜ ማጥፋት አይደለም፣ ዋናው ምርመራ እሱ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። የእንስሳት ሐኪሞቻችን የዕለት ሥራ በአብዛኛው ከብት፣ በግና ፍየል ነው፣ ሀገሩ የሚፈልገውም ያንን ነው። ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ነገሩን አስረድቶ መሄድ አለበት። በስልካችሁ ሦስት አጫጭር ቪዲዮ ቅረጹ፦ ከተኛበት ሲነሳ፣ ከኋላ ሆናችሁ ሲራመድ፣ ከጎን ሆናችሁ ሲራመድ። ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ይደነግጣል፣ ሕመሙን ይደብቃል፣ ቪዲዮው ግን አይደብቅም። ሐኪሙም ቪዲዮውን ይበልጥ ልምድ ላለው ባልደረባው ማሳየት ይችላል። በቅርባችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ራጅ ከተነሳ በጎኑም በጀርባው አስተኝቶም ይነሳ በሉ፤ ያ ግማሽ የወገብ ግማሽ የዳሌ የሆነው አጥንት በደንብ የሚለየው በጀርባው ተኝቶ ሲነሳ ነው። ለዚህ ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ መርፌ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ተንቀሳቅሶ የተነሳ ፎቶ አይጠቅምም።

አያያዙ ላይ እንድረስ፣ ዋናው እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት ክብደት። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፣ ውሻውን የሚወደው በማብላት ነውና። ግን ወፍራም ውሻ ያንን ደካማ መገጣጠሚያ ቀን ከሌሊት ተጨማሪ ኪሎ ያሸክመዋል። በ48 ላብራዶሮች ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ፤ ጥንድ ጥንድ ተደርገው ከየጥንዱ አንዱ ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ተሰጠው። ትንሽ የበሉት የኖሩበት መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሆነ፣ የሌሎቹ 11.2። የመገጣጠሚያ ችግርም ዘግይቶ ነው የያዛቸው። በእጃችሁ ለክታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፦ መዳፋችሁን ጎኑ ላይ ስታሳርፉ ሳትጫኑ የጎን አጥንቶቹ ሊሰሟችሁ ይገባል፣ ከላይ ስታዩትም ወገቡ ጋ ገባ ማለት አለበት። ተጭናችሁም ካልተሰማችሁ ወፍሯል። አጥንቱ ከሩቅ ከታያችሁ ደግሞ ከስቷል፣ ያም ጥሩ አይደለም፤ ጀርባውን የሚይዝለት ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ያለ ፕሮቲን አይገነባም።

የእኛ ቤት ውሻ አመጋገብ ከጾምና ከፍስክ ጋር ይዋዥቃል። በጾም ወራት እንጀራ በሽሮ፣ በፋሲካ ጮማና አጥንት። ሁለቱም ለታመመ ወገብ አይሆኑም። የተቀቀለና የተጠበሰ አጥንት ሰገራውን እንደ ጠመኔ ያደርቀዋል፤ ወገቡ የታመመ ውሻ ደግሞ ማማጥ በጣም ያመዋል፣ ስለዚህ ይዞት ይቆያል፣ ይብስበታል። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። የጣና ልጅ መሆናችን ግን ጥሩ ነገር አለው። ቀረሶም አምባዛም ሲበለት የሚተርፈውን ሥጋ ቀቅላችሁ፣ እሾሁን በደንብ ለቅማችሁ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር ብትሰጡት ርካሽና ጥሩ ፕሮቲን ነው። እሾሁን በደንብ ልቀሙ።

ወለሉ ቀጥሎ ይመጣል። አዲስ የሚሠሩ ቤቶች በረንዳቸው ሁሉ ሴራሚክ ነው፣ በክረምት ሲረጥብ ሰውንም ይጥላል። ውሻው እንዳይንሸራተት ኋላ እግሮቹን ከፍቶ ይቆማል፣ በተነሳ ቁጥር ወገቡ ይጠመዘዛል። ከሚተኛበት እስከ ሚበላበት ድረስ ሻካራ ምንጣፍ ወይም ጆንያ አንጥፉለት፣ ጫፉን በድንጋይ ወይም በሚስማር ያዙ። ሲሚንቶ ላይ አይተኛ። ሁለት ጆንያ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቃችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ አድርጉለት፣ ገለባውን እርጥበት ሲገባው ቀይሩት። ከሐይቁ የሚመጣው የሌሊት እርጥበት ለታመመ መገጣጠሚያ ደስ አይልም። ደረጃ ካለ በጣውላ ተዳፋት ሥሩለት፣ ጣውላው ላይ ጨርቅ ምቱበት እንዳይንሸራተት።

ሰንሰለቱ። ይህን በግልጽ እናገራለሁ፦ ወገቡ የታመመን ውሻ በአጭር ሰንሰለት አንገቱን አስሮ መዋል ጭካኔ ነው። ሰው ሲያይ ዘሎ ይወጣል፣ ሰንሰለቱ ያልቃል፣ ሰውነቱ በሙሉ በአየር ላይ ተጠምዝዞ ይመለሳል። በቀን ስንት ጊዜ? ከመታሰር ይልቅ በሽቦ አጥር የተከለለ ትንሽ ቦታ ይሠራለት፤ ሲወጣ ደግሞ ማሰሪያው ደረቱን የሚይዝ ይሁን።

ሕመሙ በተነሳበት ጊዜ ዕረፍት ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ዕረፍት ስል ግቢ ውስጥ ተለቆ መዋል ማለቴ አይደለም። በተከለለው ቦታ ይቆያል፣ ለመጸዳዳት ብቻ በማሰሪያ ይወጣል። ከባዱ ነገር ሲሻለው ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጭራውን እየቆላ መሮጥ ይፈልጋል፣ ቤተሰቡም «ድኗል» ይላል፣ ይለቁታል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ሐኪሙ ካልፈቀደ አትልቀቁት።

ከዕረፍቱ በኋላ እንቅስቃሴ ግድ ነው፣ ጡንቻው እንዳይሟሟ። አጭር፣ ተደጋጋሚ፣ ሜዳ ላይ። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር። በዚህ ነገር ባሕር ዳር ታድላለች፣ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዘንባባዎቹ ሥር ጠዋት ጠዋት መራመድ ለሰውም ለውሻም ይመቻል። ወደ ቤዛዊት ዳገት አትውሰዱት፣ በድንጋያማ ቦታ አትሮጡት፣ ኳስ ወርውራችሁ አታስፈጥኑት። ቀስ ብሎ መራመድ ከመሮጥ የበለጠ ጡንቻ ያሠራዋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን እግር አስቦ እንዲያሳርፍ ያስገድደዋል። ባጃጅም ሆነ ጀልባ ላይ ሲወጣ አንሱት፤ አንድ ክንድ ደረቱ ሥር፣ አንድ ክንድ ከኋላ እግሮቹ ሥር፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ።

«ሐይቁ እያለ ለምን አናዋኘውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዋና ለውሾች ጥሩ ልምምድ እንደሆነ እውነት ነው፣ ሌላ ሀገር ለዚሁ የተሠሩ ገንዳዎች አሉ። ጣና ግን ገንዳ አይደለም። ዳሩ ላይ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ወገቡ የታመመ ውሻ እዚያ ላይ አንዴ ቢወድቅ የወራት ልፋት ይጠፋል። ውሻውን ይዞ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ የሚቆመው ሰው ብልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። መሬት ላይ መራመዱ ይበቃዋል።

መድኃኒት ላይ የማየው ነገር ያሳዝነኛል። ውሻው ሲያነክስ ሰው ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛና በሥጋ ጠቅልሎ ይሰጠዋል። በማዘን ነው የሚያደርገው፣ ግን ውሻውን ሊገድለው ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ውሻ ላይ ጨጓራና አንጀት ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ያቆማሉ። ለውሻ የሚሰጡ ሌሎች አሉ፣ ለምሳሌ ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን፤ መጠናቸው በኪሎ ነው የሚሰላው። ሜሎክሲካም ለሰው የሚሸጠው ባለ 7.5 እና ባለ 15 ሚሊግራም ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚያስፈልገው በቀን 3 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ባለ 15ቱን አንድ ፍሬ የሰጠ ሰው አምስት እጥፍ ሰጥቷል። ስለዚህ «ስሙ አንድ ነው» ብላችሁ አትስጡ፣ ውሻውን አስመዝኑ፣ ሐኪሙ ያስላ።

ከእነዚህ ጋር እንደ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ አብሮ አይሰጥም። ማስታገሻውና ስቴሮይዱ ሲገናኙ ጨጓራን እስከ መብሳት ይደርሳሉ። አንድ ሐኪም መርፌ ወግቶት ከነበረና ሌላ ጋ ከሄዳችሁ፣ ምን እንደተወጋ የግድ ተናገሩ፤ «ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት ዴክሳ ተወግቷል» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ሕይወቱን ልታተርፍ ትችላለች። መድኃኒት እየወሰደ ካስታወከ፣ ምግብ ከጠላ ወይም ሰገራው ጥቁር ሆኖ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ደውሉ። የነርቭ ሕመም ላለበት ውሻ ሐኪሞች ጋባፔንቲን ይጨምራሉ፤ እንክብሉ ይሻላል፣ የሰዎቹ ሽሮፕ አንዳንዱ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለው፣ እሱ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ በመገጣጠሚያው በኩል ወደ ነርቮቹ ዙሪያ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ፣ ከዚያም ነርቮቹን የተጫነውን አጥንትና ዲስክ የሚያነሳ ቀዶ ሕክምና አለ። ሁለቱም በዚህ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ። ቀዶ ሕክምናው ሕመም ብቻ ላለባቸው ውሾች ጥሩ ውጤት አለው፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው ብዙ ጊዜ ካለፈ ግን ያ ይመለሳል ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ የሽንት ለውጥ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው መታየት ያለበት። ከዛሬ ነገ የማይባልባቸው ሌሎችም አሉ፦ በድንገት ሁለቱም እግር መክዳት፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት አለመሽናት፣ የኋላ ጣቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትቆነጥጡት ምንም አለመሰማት። ባጃጅ የገጨው ውሻ ከሆነ ደግሞ በእጅ አንጠልጥላችሁ አታንሱት፤ ጣውላ ወይም የተነቀለ በር ላይ አንሸራትታችሁ፣ በጨርቅ አስራችሁ ውሰዱት።

ኋላው የደከመ ውሻ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገው እንክብካቤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሮጌ ጋቢ አጥፋችሁ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ያዙና አብራችሁት ተራመዱ፤ ክብደቱን ግማሹን ትሸከሙለታላችሁ፣ እግሩን ግን ራሱ ያንቀሳቅስ። ወንድ ከሆነ ጋቢው ሽንቱን እንዳይዘጋበት ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። የሚጎተተው መዳፍ ይቆስላል፣ ማታ ማታ እዩት፣ እጠቡት፣ ኮረኮንች ላይ ሲወጣ ጠንከር ያለ ጨርቅ አልብሱት፣ ሲመለስ አውልቁ። የሚያመልጠው ሽንት ቆዳውን ይልጠዋል፣ ፀጉሩን አሳጥሩለትና በየቀኑ በለብ ያለ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። በሞቃቱ ወራት ዝንብ እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ እንቁላል ይጥላል፣ በአንድ ቀን ትል ያወጣል፤ ይህን አይታችሁ ካላወቃችሁ አታምኑም፣ ግን እውነት ነው።

አንዳንዱ ውሻ ይህ ሁሉ ተደርጎለትም አይሻለውም። ሌሊቱን እያቃሰተ ካደረ፣ መብላት ካቆመ፣ ስትጠሩት ቀና ማለት ካቆመ፣ በሐኪም እጅ ያለ ሕመም እንዲያርፍ ማድረግ ክፋት አይመስለኝም። ግቢ ውጪ አውጥቶ መጣል ግን ክፋት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃችሁን ውሻ ለጅብ አትተዉት።

ይህ ችግር በዘር ይሄዳል። ወገቡን የሚያመውን ሸፐርድ «ዘሩ ጥሩ ነው» ብሎ ማስረገዝ ችግሩን ለሚቀጥለው ግቢ ማሻገር ነው፣ አታድርጉት። ቡችላ ልትገዙ ስትሄዱም እናቱንና አባቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ሻጩ ወደ ፊት ለፊታችሁ ያመጣቸዋል፤ እናንተ ግን ከኋላ ሁኑና አስራምዱልኝ በሉት። ዳሌያቸው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ጀርባቸው ወደ ኋላ በጣም ካዘቀዘቀ፣ ጥፍራቸው ሲፍቅ ከተሰማችሁ፣ ወይም ሻጩ «እናቱ እዚህ የለችም» ካለ፣ ቡችላው ምንም ቢያምር ሌላ ቦታ ፈልጉ።